መብራቱ ሲበራ ፍሬኑ የሚሻለው ሞተር

የአክስቴ ልጅ ሞተሩን ይዞ ግቢ ሲገባ ገና ከኮርቻው ሳይወርድ "ይሄ ኤቢኤስ የሚሉት ነገር ሊገድለኝ ነው፣ ነቅለህ ጣልልኝ" አለኝ። ሰላምታም አልነበረም። (ኤቢኤስ ፍሬን በኃይል ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍና እንዳይንሸራተት የሚያደርግ፣ የራሱ ኮምፒውተር ያለው ዕቃ ነው።) ከሦስት ቀን በፊት ሐዋሳ ገብርኤል አደባባይ ጋ ቀስ ብሎ ሊቆም ሲል የፊት ፍሬኑ እጀታ በጣቶቹ ስር ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩ መቆሙን ትቶ ወደፊት ይሄዳል፣ ከዚያ ከፊቱ ያለችውን ባጃጅ ከኋላ ነካ አድርጎ ይቆማል። የተሰበረ ነገር የለም። የባጃጁ ሹፌር ግን አፉ ላይ የመጣለትን ሁሉ ብሎታል።

ሞተሩ ህንድ ሰራሽ ነው፤ 200 ሲሲ፣ በሁለቱም ጎማ ኤቢኤስ ያለው፣ 19 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ። የአምራቹን ስም የማልጠራው ጥፋቱ የሱ ስላልሆነ ነው፣ ወደ ኋላ ታዩታላችሁ። ህንድ ከሚያዝያ 2019 (በፈረንጆች) ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆነ አዲስ ሞተር ሁሉ ኤቢኤስ ግዴታ አድርጋለች። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ከእዚያ ከመጣው ሞተር ብዙው ይህን ዕቃ ይዞ መጥቷል። ዕቃው መጣ፣ የሚጠግነው ሰው ግን እኩል አልመጣም።

እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሁለት ጋራዥ ዞሯል።

የመጀመሪያው መካኒክ የምርመራ ማሽን ነበረው። ሰካ፣ ኮድ አነበበ፣ ኮዱ "የፊት ጎማ ፍጥነት ሴንሰር፣ ሲግናል" አለው። ከዚያ ሴንሰሩን ነቅሎ በቴስተር ኦሙን (ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበትን መጠን) ለካ። ቴስተሩ ምንም አላሳየም። "ሞቷል" አለ። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ በሚመጣ ሰው አዲስ ሴንሰር አስላከ፣ ከወር በላይ ጠበቀ፣ ተገጠመ። የኤቢኤስ ማስጠንቀቂያ መብራቱ ያው፣ መንቀጥቀጡም ያው። እግረ መንገዱን የፍሬን ዘይትም ተቀይሯል፣ አየርም ወጥቷል። ይሄ ጥሩ ነው፣ አልጎዳም፣ ግን የተጠየቀው ጥያቄ መልስ አልነበረም።

ሁለተኛው ጋራዥ ደግሞ ሞተሩን በስታንድ አቁሞ፣ የኋላ ጎማ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ አስነስቶ ማርሽ አስገባ። የኋላ ጎማው ሲሽከረከር ትንሽ ቆይቶ የኤቢኤስ መብራት በራ። "አየህ? የኤቢኤሱ ፓምፕ ነው፣ ሙሉ ዩኒቱ ይቀየራል" አለው። የጠራለት ዋጋ የሞተሩን ግማሽ ሊደርስ ምንም አይቀረው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ይህቺ ስህተት ብዙ ሰው አስከፍላለች። ጤነኛ ሞተርም በስታንድ ላይ የኋላ ጎማውን ብቻ ብታሽከረክሩት መብራቱን ያበራል። ኮምፒውተሩ የሚያየው የኋላው ጎማ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲበር፣ የፊቱ ደግሞ ቆሞ ነው። በእሱ ዓለም እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ስለዚህ "አንዱ ሴንሰር ይዋሻል" ብሎ መብራት ያበራል። ቁልፉን ዘግታችሁ ከፍታችሁ ትንሽ ብትነዱት ይጠፋል። ያ ምርመራ ስለ ፓምፑ የሚናገረው አንድም ነገር የለም።

እኔ የማደርገው መጀመሪያ መጠየቅ ነው። መሣሪያ አልነካሁም። ሻይ አስቀድቼ አስቀመጥኩትና መርማሪ ሆንኩበት።

"የሚንቀጠቀጠው መቼ ነው?"

"ልቆም ስል። በጣም ቀስ ስል።"

"በፍጥነት ስትይዘውስ?"

"ምንም አይል።"

"መንገዱ ጠጠር ነው? እርጥብ?"

"ደረቅ አስፋልት ላይ ነው እንጂ!"

"መብራቱስ?"

"ስነሳ እንደ ወትሮው ይጠፋል። ትንሽ ከሄድኩ በኋላ ይበራል። አንዳንዴ አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሃያ።"

"ከበራ በኋላስ ፍሬኑ እንዴት ነው?"

"ከበራ በኋላማ ሰላም ነው። እንዲያውም ሲበራ ደስ ይለኛል።"

ይህቺን ነው የምፈልገው። ሁለቱም ጋራዥ አልጠየቁትም፣ እሱም ቁም ነገር መስላ ስላልታየችው አልነገራቸውም።

ኤቢኤስ የሚሰራው እንዲህ ነው። በየጎማው አንድ ጥርሳም (ወይም ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው) የብረት ቀለበት አለ፣ ከጎማው ጋር ይዞራል። ከጎኑ ሴንሰር አለ፤ እያንዳንዱ ጥርስ ሲያልፍ አንድ ምልክት ይልካል። ኮምፒውተሩ ምልክቶቹን ቆጥሮ የጎማውን ፍጥነት ያውቃል። ፍሬን ይዛችሁ አንዱ ጎማ በድንገት መዞሩን ካቆመ፣ ማለት ምልክቱ ከጠፋ፣ "ጎማው ተቆለፈ፣ ሊንሸራተት ነው" ብሎ የዚያን ጎማ የፍሬን ግፊት ለቅጽበት ይለቃል፣ መልሶ ይይዛል፣ ይለቃል። እጀታው ላይ የሚሰማችሁ መንቀጥቀጥ ይሄው ነው። መብራቱ ሲበራ ደግሞ ኮምፒውተሩ "እኔ በዚህ መረጃ አልሰራም" ብሎ እጁን ሰበሰበ ማለት ነው። ፍሬኑ ግን አለ፤ እንደማንኛውም ኤቢኤስ የሌለው ሞተር ፍሬን ይሰራል።

እንግዲህ የዚህ ልጅ ሞተር መብራቱ ሲበራ ፍሬኑ ሰላም ከሆነ የፍሬኑ ሸራ፣ ዲስኩ፣ ዘይቱ፣ እጀታው ሁሉም ነጻ ወጡ። ፓምፑም ቢሆን በትክክል የታዘዘውን እያደረገ ነው። የታዘዘው ነገር ነው የተሳሳተው። ጎማው ሳይቆለፍ "ተቆልፏል" የሚል ወሬ ከአንድ ቦታ ይመጣል። በዚህ ሞተር ላይ አደገኛው ሰዓት መብራቱ የበራበት ሳይሆን የጠፋበት ነው። ሰው ሁሉ መብራት ሲጠፋ "ተስተካከለ" ብሎ ይዝናናል።

ወደ ስራ ገባን። ባትሪ ቆሞ 12.6 ቮልት፣ ሞተሩ ተነስቶ 14.1። ደህና ነው። ባትሪ የማየው ልማድ ሆኖብኝ አይደለም፤ ባትሪው የደከመ ሞተር ሲነሳ ቮልቱ ስለሚወርድ ብቻ የኤቢኤስ ኮድ ይጽፋል፣ ስንቱ በዚህ ምክንያት ያለ ጥፋቱ ሴንሰር ገዝቷል። ፊውዞቹም ደህና። የጎማው ልክ የራሱ ነው፣ ከፊት 100/80-17፣ ሌላ ልክ አልተገጠመለትም። የፊት ጎማውን ይዤ ግራ ቀኝ ወዘወዝኩት፣ ኩሽኔታው አይላወስም።

ቀጥሎ ሴንሰሩ። የመጀመሪያው መካኒክ በኦም ለክቶ ምንም አለማግኘቱ አያስገርምም። የድሮዎቹ ሴንሰሮች በውስጣቸው የሽቦ ጥቅል ብቻ ነው ያላቸው፣ እነሱን በኦም መለካት ይቻላል። አሁን ያሉት አብዛኞቹ ግን በውስጣቸው ትንሽ ኤሌክትሮኒክስ አላቸው፤ ከኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ካልተሰጣቸው የሞቱ ይመስላሉ። በኦም መለካት የተኛን ሰው ስም ጠይቆ መልስ ስላልሰጠ "አስከሬን ነው" እንደማለት ነው።

እኔ የምለካው በአንድ የ100 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት የምትገታ ትንሽ ዕቃ) ነው። ዋጋዋ የቡና አይሞላም። የሴንሰሩን ሶኬት ከሞተሩ አላቀቅኩ። ቁልፍ ከፍቼ በሞተሩ በኩል ካሉት ሁለት ሽቦዎች የትኛው ፖዘቲቭ እንደሆነ በቴስተር ለየሁ (ይህን ሳታረጋግጡ እንዳትሞክሩ፣ ገልብጣችሁ ከሰጣችሁት ሴንሰሩን ልትገድሉት ትችላላችሁ)፣ ቁልፉን ዘጋሁ። ከ12 ቮልት ባትሪ ፖዘቲቩን ወደ ሴንሰሩ ሰጠሁ፣ የሴንሰሩን ሌላኛውን ሽቦ በሬዚስተሩ በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ መለስኩ። ቴስተሩን ሬዚስተሩ ላይ አደረግኩ። እንዲህ ያለ ሁለት ሽቦ ያለው ሴንሰር ጥርስ ፊቱ ሲሆንና ባዶ ፊቱ ሲሆን የሚወስደው ኤሌክትሪክ ይለያያል፤ አንዴ 7 ሚሊአምፔር አካባቢ፣ አንዴ 14። በ100 ኦም ላይ ሲያልፍ 0.7 ቮልትና 1.4 ቮልት ሆኖ ይታያል። ጎማውን በእጅ በጣም ቀስ እያደረጋችሁ ስታዞሩ 0.7፣ 1.4፣ 0.7፣ 1.4 እያለ ይቆጥርላችኋል።

ቆጠረ። የአክስቴ ልጅ ጎማውን ያዞራል፣ እኔ ቴስተሩ ላይ አፍጥጫለሁ። 0.7፣ 1.4፣ 0.7፣ 1.4... ከዚያ 0.7 ላይ ተኛ። ጎማው እየዞረ ነው፣ ቁጥሩ ግን አይነቃነቅም። ከዚያ ደግሞ ነቃና መቁጠሩን ቀጠለ። "ቁም!" አልኩት። ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። እንደገና አንድ ሙሉ ዙር አዞርነው። ጠመኔው እዚያው ቦታ ሲመጣ እንደገና ተኛ። ሦስተኛም፣ አራተኛም። ሁልጊዜ እዚያው።

ሴንሰር ሲበላሽ ቦታ አይመርጥም። በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚጠፋ ምልክት ካያችሁ የሚዞረውን ነገር ተመልከቱ።

ተንበርክኬ በስልክ መብራት ቀለበቱን አየሁት። ከሩቅ ምንም አይታወቅም፣ ለዚህም ነው ሁለት ጋራዥ ያለፈው። ግን ጎማውን ቀስ አድርጋችሁ እያዞራችሁ በሴንሰሩና በቀለበቱ መካከል ያለውን ክፍተት ብቻ ብታዩ፣ አንድ ቦታ ላይ ቀለበቱ ከሴንሰሩ ሸሸት ይላል። ክፍተት በሚለካባቸው ስስ ብረቶች ለካሁ። ሌላው ቦታ ሁሉ 0.7 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ጠመኔው ጋ 2 ሚሊሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው። የተጣመመው ከአራት ጥርስ አይበልጥም።

"ይህን ጎማ ማን ነካው?" አልኩት።

"ማንም።"

"ጎማ አልተቀየረም?"

ዝም አለ። "እሱማ ተቀይሯል። ይርጋለም ስሄድ ምስማር ወግቶኝ መንገድ ላይ ጎሚስታ..."

"ይሄ ችግር የጀመረው ከዚያ በፊት ነው በኋላ?"

"በኋላ... አዎ፣ በዚያው ሳምንት።"

ጎሚስታው ክፉ አላደረገም። ቸርኬውን መሬት ላይ አጋድሞ፣ በሌዋ ጎማውን ፈልቅቆ፣ በእግሩ ቆሞ ነው ያወጣው፤ ዕድሜውን በሙሉ የሰራበት መንገድ ይሄው ነው። የተጋደመው ግን ዲስኩና ቀለበቱ ባለበት በኩል ሆነ። ከቀለበቱ ስር አንድ ድንጋይ፣ ከላይ የአንድ ሰው ክብደት፣ በቃ። ያ ቀለበት ስስ ቆርቆሮ ነው። ድሮ በዚያ ቦታ ምንም አልነበረም፣ ማን ይንገረው? እኔም ብሆን ኤቢኤስ ሳላውቅ ስንት ቸርኬ እንዲያ አጋድሜያለሁ።

አሁን ሁሉም ነገር ቦታውን ያዘ። የዚህ ጎማ ዙሪያ 1.86 ሜትር ገደማ ነው። ቀለበቱን 40 ጥርስ እንበለው። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ በሴኮንድ 30 ምልክት ይመጣል፤ አራት ጥርስ ከጠፋ ከሴኮንድ አንድ ስምንተኛ በላይ ዝምታ አለ። ኮምፒውተሩ ፍሬን ተይዞ ይህን ያህል ዝምታ ሲሰማ ጎማው የተቆለፈ ይመስለዋል፣ ግፊቱን ይለቃል፤ እናንተ ባጃጅ ትነካላችሁ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ያው አራት ጥርስ በሴኮንድ አንድ ስልሳኛ ውስጥ ያልፋል፤ ቁብ አይሰጠውም። ለዚህ ነው ቀስ ሲል ብቻ የሚንቀጠቀጠው። መብራቱ ደግሞ ዘግይቶ የሚበራው ኮምፒውተሩ በየዙሩ የሚደጋገመውን ጉድለት ደጋግሞ አይቶ "ይሄስ ልክ አይደለም" እስኪል ድረስ ጊዜ ስለሚወስድበት ነው።

ቀለበቱን ፈትቼ መስታወት ላይ አስተኛሁት፤ ጠማማው በግልጽ ታየ። "በመዶሻ መታ መታ አድርገውና እንሂድ" አለኝ። አላደረግኩትም። እሺ፣ የሚያቃኑት ሰዎች አሉ፣ አንዳንዴም ይሰራል። ግን ቆርቆሮ አንዴ ተጣሞ ሲቃና መልሶ ይለጠጣል፣ የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት በፍሬን ላይ ቀልድ አይደለም፣ ደግሞ የምታቃኑት የሚነዳውን ሰው ሆናችሁ አይደለም። አዲስ ቀለበት ይታዘዝ አልን። ዋጋው ከሴንሰሩ በብዙ ያነሰ ነው፤ መጠበቁ ግን ያው ሦስት ሳምንት።

እስከዚያስ? ቀለበቱን መልሼ አሰርኩ፣ የኤቢኤሱን ፊውዝ አወጣሁ። መጀመሪያ ያ ፊውዝ ሌላ ነገር እንደማያበራ አረጋገጥኩ፤ በአንዳንድ ሞተር ላይ ከሌላ ነገር ጋር ይጋራል። መብራቱ በርቶ ቀረ፣ ፍሬኑ ተራ ፍሬን ሆነ። "አሁን የድሮ ሞተር ነው የምትነዳው፤ ዝናብ ላይ የፊቱን እንዳትነክስ፣ ከፊትህ ካለው ራቅ በል" ብዬ ላክሁት። ውሸታም ኤቢኤስ ይዞ ከመሄድ ያለ ኤቢኤስ መሄድ ይሻላል።

ቀለበቱ መጣ፣ ተገጠመ፣ በሬዚስተሩ ለካሁ፣ ሙሉ ዙር ሳያቋርጥ ቆጠረ። ፊውዙን መለስኩ፣ ኮዱ ጠፋ፣ ሞከርነው፣ ሄደ። እኔም ጎረቤት ላይ ትንሽ ጉራ ቢጤ ነዛሁ።

በሦስተኛው ቀን ስልክ። "መብራቱ መጣ።"

ሆዴ ቡጭ አለ። "ይንቀጠቀጣል?"

"አይንቀጠቀጥም። ከግቢ ስወጣ ወደ ቀኝ ስታጠፍ ነው የበራው፣ ገና ብዙ ሳልሄድ።"

ይሄ ሌላ በሽታ ነው። የመጀመሪያው እየሄደ፣ ቆይቶ፣ ከመንቀጥቀጥ ጋር ነበር። ይሄኛው ገና ሲነሳ፣ ወዲያው፣ ያለ መንቀጥቀጥ። ኮዱንም አስነበብኩት፤ ሴንሰሩ ያው የፊቱ ነው፣ ግን አሁን "ሲግናል" ሳይሆን "መስመር ተቋርጧል" ይላል። ማሽኑ ሁለቱንም "የፊት ሴንሰር" ብሎ ስለሚጀምር የሚጣደፍ ሰው ቀሪዋን ቃል አያነባትም። ሲግናል ከሆነ ቀለበት፣ ክፍተት፣ ኩሽኔታ ነው የሚታየው። መስመር ከሆነ ሽቦና ሶኬት።

ቴስተሩን በአንደኛው ሽቦ መሀል ሚሊአምፔር ላይ አስገባሁና ቁልፍ ከፈትኩ። 7። መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ፣ 7። ወደ ቀኝ፣ ዜሮ። መለስኩ፣ 7። ሽቦውን እየዳበስኩ ወደ ላይ ሄድኩ፤ ከፊት መብራቱ ኋላ በናስትሮ የተጠቀለለ ቦታ አለ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ናስትሮ የመጀመሪያ ቀን አይቼዋለሁ። መሪው ቀጥ ብሎ ሲለካ ስለሰራ "የሚሰራ ሽቦ አልነካም" ብዬ አለፍኩት። መሪውን ወደ ሁለቱም ዳር አዙሬ ብለካ ኖሮ ያኔ ይገኝ ነበር።

ናስትሮውን ስገልጠው ከዱባይ የመጣው ሴንሰር ሽቦ አጥሮ ኖሯል፤ የመጀመሪያው መካኒክ ቆርጦ በሌላ ሽቦ ቀጥሎታል። ያለ ብየዳ፣ በጣት ጠምዝዞ ብቻ። መሪው ወደ ቀኝ በዞረ ቁጥር ይሳባል፣ አንዱ ክር ቀስ በቀስ ለቋል።

መበየድ እችል ነበር። ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። "ያ 'ሞቷል' የተባለው የፊተኛው ሴንሰር የት ደረሰ?"

ከኮርቻው ስር፣ ከቁልፎቹ ጋር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሽቦው ሙሉ፣ ሶኬቱ የራሱ። በሬዚስተሩ ሰጠሁትና ካቻቢቴ ፊቱ አሳለፍኩለት። 0.7፣ 1.4፣ 0.7፣ 1.4። አንድ ቀን እንኳ ታሞ አያውቅም።

እሱን መልሰን ገጠምነው፣ ሽቦውን በፋብሪካው መስመር አሳለፍነው፣ መሪውን ከዳር ዳር አዙረን ለካን። ከዚያ ሜዳ ሄድን፣ ጠጠር ያለበት፣ ሰው የሌለበት። መጀመሪያ አስፋልቱ ላይ ቀስ እያለ ደጋግሞ ቆመ፤ እጀታው ዝም። ጠጠሩ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ መጣና ጨክኖ ያዘው። ከሩቅ ትር ትር የሚለው ይሰማል፤ ጎማው አልተቆለፈም፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። "ይሄ ነው እንዴ ሲሰራ?" አለ፣ ሁለት ዓመት ሲነዳው በእውነተኛ ሰዓት ሰርቶ አይቶት አያውቅም ነበር። "አንዴ ልድገመው" ብሎ አራት ጊዜ ደገመው።

የዱባዩ ሴንሰር እስካሁን እኔ መደርደሪያ ላይ አለ፣ ከነናስትሮው።